ምርቃቴን ያቋረጠው ኢንጂነር

መካነ ሰላም
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈርሂያ፣

አሰላሙ አለይኪ ወራህመቱላህ። እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? ማዳምሽ ጠባይዋን አሳመረች ወይስ እንደዚያው ናት? እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ብርድ በመጣ ቁጥር መኖሩን ያስታውሰኛል።

«ለምን ስልክ አያነሱም» ላልሽኝ፣ አነሳለሁ። አንቺ ስትደውዪ መስመሩ እየተቆረጠ ነው። ሾፌርሽ አስናቀው ግን «እቴቴ፣ የእርስዎ ድምፅ እኮ ያለ ስልክም ደሴ ድረስ ይሰማል» እያለ ይስቅብኛል። አንድ ጆሮዬ ከደከመ ወዲህ ሰው ሁሉ የማይሰማ እየመሰለኝ እጮሃለሁ። ቁምነገር በደብዳቤ ይሁን የምልሽም ለዚህ ነው። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል እስከ ዛሬ አላሳፈረኝም።

ስለ መኪናሽ ጠይቀሻል። ደህና ናት። አስናቀው ከሾፌርም ሾፌር ነው፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያጥበው እሷን ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ሁሉ ደሴ ደርሳ ትመለሳለች። የኋላ መስታወቷ ላይ «ለኮንትራት ይደውሉ» ተብሎ የእኔ ስልክ በቀይ ቀለም ተጽፎባታል፤ አስናቀው መሪ ይዞ ስልክ ማንሳት አይወድም። ያቺ አባዱላ በሰው አገር ያጠብሽው ወለል ሁሉ ናት። እሷ ካለች ስትመጪ ዳግመኛ አትሄጂም፤ እሷ ከሌለች ግን ሻንጣሽን ሳትፈቺ መመለስሽ ነው። እናትሽ ለእኔ ጥላሽ ስትሞት አደራ ያለችኝ እንዲህ እንዳትንከራተቺ ነበር።

ሌላው ወሬ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ደወለልኝ። «ኢንጂነር ንጉሡ እባላለሁ፤ የመኪና ዋስትና ከሚሰጠው ድርጅት ነው» አለ። የመኪናችሁ ዋስትና ሊያልቅ ነው፣ ከታደሰ ግን ሞተሯ ነክሶ ብትቆም እንኳ ድርጅቱ በነፃ ያሠራላችኋል አለኝ። አነጋገሩ ማር ነው። ጉልበቴን ሳይቀር ጠየቀኝ። ስለ መኪናዋም ጥቂት ነገር ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። ባለቤቷ አንቺ ስለሆንሽ ስልክሽንም ሰጥቼዋለሁ።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። ደስ ስላለኝ ልመርቀው ጀመርኩ። «የሄድክበት ይቅናህ፣ የያዝከው ይባረክልህ» ብዬ፣ «ከክፉ ሰው ይጠብቅህ» የሚለው ላይ ስደርስ «እሺ እሺ እማዬ፣ እሱን በኋላ» ብሎ ሌላ ቁጥር ጠየቀኝ። በዕድሜዬ ምርቃቴን ያቋረጠኝ ሰው የለም። የኛ አገር ሰው እስላሙ አሚን፣ ክርስቲያኑ አሜን እያለ፣ ዝናብ ቢመጣ እንኳ እየበሰበሰ ቆሞ ያስጨርሳል። ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብዬ ተውኩት። የቀረው ምርቃት ግን እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ነው።

ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን፣ የባጃጅ ሾፌሩ የዋለ፣ እህት አልታየች ታመጣልሻለች። በሶውን አብራችሁ ብሉት።

አክስትሽ ኡምኩልሱም

* * *

ሪያድ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእቴቴ ኡምኩልሱም፣

ወአለይኩም ሰላም። ለጤናዎ እንደምን ነዎት? ጉልበትዎን እባክዎ ቅባቱን ያስነኩት። በሶው ደርሶኛል፤ ከአልታየች ጋር በጥብጠን ጠጣነው። ማዳም እንደዚያው ናት። እንቅልፌንም ጠይቀውኛል፤ ሰሞኑን የለኝም። ምክንያቱን ልንገርዎት።

ደብዳቤዎ ከመድረሱ በፊት ኢንጂነሩ ደውሎልኝ ነበር። መጀመሪያ ተጠራጥሬው ነበር፤ እሱ ግን ታርጋውን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የሞተር ቁጥሩን አንድ በአንድ ነገረኝ። ይባስ ብሎ «እቴቴ ሰላም ብለውሻል፤ ብርዱ ጉልበታቸውን እየነካቸው ነው» አለኝ። ከቤት ሰላምታ ይዞ የመጣ ሰው እንዴት እጠረጥራለሁ? አለቀስኩ እንጂ አልጠረጠርኩም።

ዋስትናው እስከ ኅዳር ማብቂያ ካልታደሰ መኪናዋ ከመንገድ ትታገዳለች፣ ሊብሬዋም ይሰረዛል ይላል። እንዳይሰረዝ ዋናው ሊብሬ ወደ መካነ ሰላም ለሚልከው ሰው መሰጠት አለበት። እኔም ከዚህ ከኤምባሲ በስሙ ውክልና መላክ አለብኝ፤ በእኔ ፈንታ የሚፈርመው እሱ ነው። ለመጀመሪያው ወጪ የጠየቀኝን በተመለከተ አሁን አልጽፍልዎትም። ለአስናቀው እንዳንነግረው አደራ ብሏል። ሾፌሮች ከጋራዥ ጋር እየተሻረኩ ዋስትና እንዳይታደስ ያደርጋሉ አለኝ። እኔ አስናቀውን በዚህ አልጠረጥረውም፤ ነገር ግን ፈራሁ።

ማዳም በቅርቡ ጅዳ ትሄዳለች፤ ያን ጊዜ አንድ ቀን አገኛለሁ፣ ኤምባሲ እሄዳለሁ። እርስዎ ሊብሬውን ከሳጥኑ አውጥተው ያዘጋጁልኝ። ምርቃትዎን ማቋረጡን አይቀየሙት፤ በየአርቡ ለእኔም ሲደውል ሁልጊዜ እንደቸኮለ ነው።

እቴቴ፣ ይቺ መኪና ከሄደችብኝ እንደገና ኮንትራት መፈረሜ ነው። እንደገና ከፈረምኩ ደግሞ በጤና የምመለስ አይመስለኝም። እባክዎ ቶሎ ይበሉልኝ።

ልጅዎ ፈርሂያ

* * *

መካነ ሰላም
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈርሂያ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሰላምታዬ አጠረ፣ አፉ በይኝ፤ መንገደኛው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ሊብሬውን አላዘጋጀሁም። አላዘጋጅምም።

ደብዳቤሽ «ለአስናቀው አይንገሩት» ይላል። እኔ ለአስናቀው ያልነገርኩት ምን ነገር አለ? ጠራሁትና ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ልውጥ አለ። «እቴቴ፣ ይቺን መኪና ስንገዛት እኮ ስንት ባለቤት ያለፈባት አሮጊት ነበረች» አለኝ። «የጥገና ዋስትና የሚሰጠው አዲስ መኪና ለሚገዛ ሰው ነው፤ እሱም ከሻጩ ጋር በወረቀት፣ ዘመኑ ተወስኖ። ለእኛዋ ማን ሰጥቷት ነው ዛሬ የሚያልቅባት? ሊብሬ የሚሰጠውም የሚሰርዘውም መንገድ ትራንስፖርት ነው። ሞተር አስጠግናለሁ ባይ ምን አግብቶት?»

ያልጻፍኩልሽ ነገር ነበረ። «ጥቂት ነገር ጠየቀኝ» ያልኩሽ ሊብሬውን ነበር። መነጽሬን አድርጌ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አቅርቤ፣ ቁጥሩን ሁሉ ጥርት አድርጌ አነበብኩለት። እውነቱን ልንገርሽ፣ «እማዬ እንዴት ያነባሉ» ብሎ ሲያደንቀኝ ደስ ብሎኝ ሳይጠይቀኝ የጨመርኩለትም አለ። ስለዚህ የሚያውቀው ሁሉ ከእኔው አፍ የወጣ ነው። ሰላምታ ግን አልላክሁብሽም። የጉልበቴን ሕመም ከእኔ ወስዶ ነው ለአንቺ የቸረቸረው።

አስናቀው መናኸሪያ ወርዶ ሲጠይቅ፣ ለጎረቤታችን ለዋለም ተደውሎለት ኖሯል፤ የባጃጅህ ዋስትና ተብሎ። የተባለውን ከፈለ። ከዚያ በስልኩ መልእክት የመጣለትን ቁጥር ደዋዩ አንብብልኝ ሲለው አነበበለት፤ ባንክ ያለው በሙሉ ተጠርጎ ሄደ። አፍሮ ለሚስቱ ለሰርካለም እንኳ አልነገራትም። እኔን የባሰ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ዋለ ሲያነጋግረው እናቱ ከጎን ሆነው ሊመርቁት ቢጀምሩ፣ እሳቸውንም «በኋላ» ብሏቸዋል። ያን ጊዜ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ሊዘርፈን ያሰበ ሰው ምርቃታችንን ተቀብሎ «አሜን» ማለት ስለሚከብደው ነው የሚያቋርጠን።

ስለዚህ ልጄ፣ ኤምባሲ አትሂጂ። ሄደሽ ከሆነም ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ማግስት ተመልሰሽ ውክልናውን ሻሪው። በስልክሽ የሚመጣልሽ የምስጢር ቁጥር የአንቺ የብቻሽ ነው፤ እኔ እንኳ ብለምንሽ አትንገሪኝ። ከእንግዲህ ማንም ደውሎ ቢያስቸኩልሽ፣ ከቤተሰብ ደብቂ ቢልሽ፣ ስልኩን ዝጊበትና ራስሽ ወደምታውቂው ሰው ደውዪ። አስናቀው በየአርቡ ሊደውልልሽ ይሞክራል፤ መስመሩን ግን ታውቂዋለሽ።

እኔን ሊብሬ በማንበቤ ልትቆጪኝ ይገባሻል፤ ስትመጪ ትቆጪኛለሽ። ስለ ኢንጂነሩ አትጨነቂ። ምሳ ጠርቼዋለሁ። የቀረውን አሁን አትጠይቂኝ።

አክስትሽ ኡምኩልሱም

* * *

ሪያድ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእቴቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? አስናቀውስ? ዋለስ ለሰርካለም ነገራት? «ምሳ ጠርቼዋለሁ» ማለት ምን ማለት ነው? ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ ሥራ እየሠራሁ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ማዳም አበደች ሳትል አትቀርም።

ውክልናውን ሰጥቼ እንደሆን ጠይቀዋል። አልሰጠሁም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ግን ከኤምባሲ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ሄጄ ነበር እቴቴ። ተሰልፌ፣ ሁለት ሴቶች ብቻ ሲቀሩኝ ደወለ። «ጨረስሽ?» አለኝ። ተራዬ እየደረሰ ነው አልኩት። ለመኪናዬ ይህን ያህል በመድከሙ ላመሰግነው ፈልጌ፣ ሌላ ቃል ቢጠፋኝ የእርስዎን ምርቃት ጀመርኩለት። «የሄድክበት ይቅናህ፣ የያዝከው ይባረክልህ» ስለው «በኋላ፣ በኋላ፣ መጀመሪያ ፈርሚ» አለኝ። ያ የደብዳቤዎ ቅሬታ ትዝ አለኝ። ሳነበው የአሮጊት ቅሬታ መስሎኝ አልፌው ነበር፤ አፉ ይበሉኝ። ከእርስዎ ሰላምታ ይዞ የመጣ ሰው የእርስዎን ምርቃት እንዴት ይገፋል? ከሰልፉ ወጣ አልኩ። ከኋላዬ ያለችው ሴት «ውሃ ልትጠጪ ከሆነ ተራሽን ልያዝልሽ» አለችኝ። «ውሰጂው፣ አልፈልገውም» ብያት ወጣሁ።

እሱ ደጋግሞ ደወለ። ሊብሬ አሰርዛለሁ፣ ፖሊስ እልካለሁ ይላል፣ አንዴ ይለምናል፣ አንዴ ይሳደባል። ዘጋሁበት። ከሳምንት በኋላ ደብዳቤዎ መጣና «አትሂጂ» የሚለውን ሳነብ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይኸኛው ግን የደስታ ነው።

አሁን እኔም ያልጻፍኩትን ልጻፍ። ለመጀመሪያው ወጪ ብሎ የጠየቀኝን ልኬለት ነበር፤ የወር ደሞዜ ነው። ሊብሬ በማንበብዎ ልቆጣዎት ከሆነ መጀመሪያ እኔን ይቆጡኝ። አርብ አርብ የምንገናኝ የአገር ልጆች ሁሉ አውቀዋል፤ ሁለቱ ይህን ሰውዬ በሌላ ስም ያውቁት ኖሯል።

ማዳም ኮንትራቴን እንዳድስ ጠይቃኛለች። ምን እንዳልኳት ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ ፈርሂያ

* * *

መካነ ሰላም
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለፈርሂያ፣

አሰላሙ አለይኪ። ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ እንቅልፍሽ? እኛ ማሻአላህ እንዴት እንደሆንን ልነግርሽ ነው፤ እንደ ልማድሽ አንዴ አንብበሽ አትጣይው፣ ሁለቴ አንብቢው። ከሰልፉ መውጣትሽን ለአስናቀው ሳነብለት ቆቡን አውልቆ ጣሪያ ወረወረው።

ምሳውን ጠይቀሻል። በላ። የበላበት ቦታ ግን እኔ ያሰብኩት አይደለም።

አስቀድሜ ከዋለና ከአስናቀው ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ነገሩን ሁሉ አስመዘገብን። ከዚያ ሊብሬውን አምጪ ብሎ ሲደውልልኝ እንዲህ አልኩት፦ «ልጄ፣ እኔ በስልክ ገንዘብ መላክ አላውቅም፤ ሊብሬም ለማላውቀው መልእክተኛ አልሰጥም። የመናኸሪያው ባለመኪኖች ሁሉ ዋስትና እንፈልጋለን እያሉ ነው። ራስህ ና፣ ሁሉም እኔ ቤት ይጠብቁሃል። ቤቴ ምሳ ሳትበላ ግን ምንም አትወስድም።» ሰው ልላክ አለ። እንግዳዬ አንተ ነህ፣ ሌላ አላበላም አልኩት። ሲያመነታ ሰነበተ። የባለመኪኖቹ ብዛት ግን አላስተኛውም መሰለኝ፣ ከገና በኋላ እመጣለሁ አለ።

ስሙ ንጉሡ ነውና ዶሮውን ዋለ በክርስቲያን እጅ አረደልኝ፤ ሰርካለም ሠራችው። አዎ፣ ነግሯታል። ሽንኩርቱን ስትከትፍ «ባሌን ለዘረፈ ሰው ወጥ የምሠራ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም» እያለች ነው፤ ጨው ግን አልበዛባትም። ሁለት ፖሊሶች የሾፌር ጃኬት ለብሰው ከባለመኪኖቹ ጋር ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጠዋል።

በሚመጣበት ቀን ጠዋት ደሴ መናኸሪያ ተራ የደረሳት መኪና የቷ ብትሆን ጥሩ ነው? ያንቺዋ። ኢንጂነሩ ታርጋዋን በቃሉ ያነበንባታል እንጂ በዓይኑ አይቷት አያውቅም፤ የስልክ ቁጥሬን እንኳ ከመስታወቷ አንብቦ ሳይሆን ከሌላ ሌባ ገዝቶት ነው አሉ። ብርዱ ስለነበረ በፎጣ ተጠቅልሎ ገባና ከአስናቀው ጀርባ ተቀመጠ። ሒሳቡንም ከፈለ። መሀል መንገድ፣ አቀስታ ሊደርሱ ሲሉ ደወለልኝ። እኔም እንደምታውቂኝ ነኝ፦ «ኢንጂነር፣ የት ደረስክ? ዶሮው በስሏል!» አልኩት። መኪናው ሙሉ ሰማ። አስናቀው ድምፄን ከተሳፋሪው ስልክ ውስጥ ሲሰማ መሪው ከእጁ ሊያመልጥ ነበር። ግን መሪውን አጥብቆ ይዞ መንዳቱን ቀጠለ። አቀስታ ሻይ ሊጠጡ ሲቆሙ ከመኪናው ጀርባ ሆኖ ደወለልኝና «እቴቴ፣ እንግዳዎ እኔ ጋ ነው። ወረፋ ጠብቆ፣ ከፍሎ ነው የተሳፈረው» አለኝ። ያን ቀን ዕድሜዬን ሙሉ ያልሳቅሁትን ሳቅሁ።

መካነ ሰላም ሲገቡ «ወራጅ አለ» ይላል። አስናቀው «ትንሽ ወደ ፊት» ይላል። «ወራጅ!» «ትንሽ ወደ ፊት።» ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆመ። ሳሎኔ የነበሩት ሁሉ ነግሬያቸው እዚያ ደርሰው ነበር። ከተሳፋሪው አንድም ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም።

እኔ ጠርቼ ሳላበላ የመለስኩት እንግዳ የለም። ወጡን ይዤ ጣቢያ ሄድኩ፤ ፖሊሶቹም ፈቀዱልኝ። ልጅ ነው ፈርሂያ፣ ካንቺ አይበልጥም። አንገቱን ደፍቶ በላ። እጁን ካስታጠብኩት በኋላ «አሁንስ ጊዜ አለህ?» አልኩትና ካቆምኩበት ቀጠልኩ። «ከክፉ ሰው ይጠብቅህ። ከራስህም ክፋት ይጠብቅህ። ልቦና ይስጥህ። እጅህ የራሱን ላብ ይብላ። እናትህ ስምህ ሲጠራ አትሸማቀቅ።» እስከ መጨረሻው ደረስኩ። «አሜን» አለ። ጉሮሮዬም ያን ጊዜ ተከፈተልኝ።

ከቦርሳው የሰው ሊብሬ ተገኘበት፤ የደጎሎና የኩታበር ባለመኪኖች ተጠርተው እየመጡ ነው። የተቀበለበት የባንክ ሒሳብም ታግዷል፤ ያንቺና የዋለ ሲጣራ በፍርድ ቤት ይመለሳል ብለውናል። አስናቀው ስልኬን ከመስታወቱ ላይ ላጥፋው ቢለኝ እንዳትነካው አልኩት። እንዲያውም እንዲታደስ አድርጌዋለሁ፤ ቀዩ ቀለም ከአምባው ማዶ ይታያል። መናኸሪያው ውስጥ አሁን «ዋስትና» የሚል ስልክ በመጣ ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርገው ይሰበሰቡና አንዱ መመረቅ ይጀምራል። እስካሁን አሚን ድረስ የቆየላቸው የለም።

አሁን ምርቃቱ የአንቺ ነው። የወጣሽበት በር በደህና ያስገባሽ። የደከምሽበት ይድላሽ። የሰው ወለል ያጠበ እጅሽ የራስሽን ደጃፍ ይጥረግ። በስምሽ የሚመጣ ክፉ በመንገድ ይቅር። እናትሽ ያላየችውን እኔ ልየው። አሚን በይ።

ስለ ኮንትራቱ ዝም ያልሽው ለምንድን ነው?

አክስትሽ ኡምኩልሱም

* * *

ሪያድ
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእቴቴ ኡምኩልሱም፣

አሚን። አሚን። አሚን። እስከ መጨረሻው ቆሜ ነው ያነበብኩት።

ዝም ያልኩት ትኬቴን በእጄ ሳልይዝ መናገር ስለፈራሁ ነው፤ አሁን ይዤዋለሁ። ለማዳም አላድስም ብያታለሁ። ከኤምባሲ በተመለስኩ ሰሞን፣ ከጅዳ እንደገባች ነው የነገርኳት፤ እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም። ከአንዱ ሰልፍ ከወጣሁ ከሌላውም ልውጣ ብዬ ይመስለኛል። ረመዳንን አብረን እንይዛለን፤ ይህን ደብዳቤ የምታመጣልዎት አልታየች ናት፣ ቀድማኝ ትደርሳለች።

ከአሁን በኋላ ደብዳቤ አይጻፉልኝ፤ አያገኘኝም። አስናቀውን ደሴ እንዲጠብቀኝ ይንገሩት፤ የፊቱን ወንበር ለማንም እንዳይሰጥብኝ። እኔም እንደ ሰው ሒሳቤን ከፍዬ እሳፈራለሁ፤ ከእኔ አልቀበልም ቢል እንጣላለን።

አቀስታ ስደርስ እደውልልዎታለሁ። እርስዎም እንደ ልማድዎ ጮኸው ያናግሩኝ፤ መኪናው ሙሉ ይስማ።

ልጅዎ ፈርሂያ